ከሁለት ጊዜ በላይ

"ሦስተኛ ጋብቻ አይመዘገብም። መመሪያው ከወጣ ወር ሆኖታል" አለች መዝጋቢዋ፣ ቅጹን በመስኮቱ ወደ ውጭ እየገፋች።

ልብስ ሰፊዋ መልሳ ገፋችው። "ሌላ ሰው ላግባ አላልኩም። ይኸው፣ ያው የድሮው ነው!" አለችና አጠገቧ የቆመውን የአውቶብስ ሾፌር ክንዱን ያዘችው። ሁለት ጊዜ አግብታው ሁለት ጊዜ ፈትታዋለች። ስድስት ዓመት ከተኳረፉ በኋላ ባለፈው ክረምት ታማ ስትተኛ፣ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ አስታመማት፤ ታረቁ። ግን ሳትፈርም አንድ ጣሪያ ሥር ላትገባ ምላለች። እሷ ደግሞ ከማለች ማለች ነው።

"ይቅርታ እናቴ፣ ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሰው እየተቻኮለ ሲያገባና ሲፈታ የሚጎዱት ልጆች ናቸው።"

"ታረቁ ብለው ነፍሳችንን ያወጡት ልጆቻችን አይደሉም እንዴ? ኩርፊያውን የቻልኩት እኔ፣ ማንኮራፋቱን የቻልኩት እኔ! መንግሥት ምን ቤት ነው የሚቆጥርልኝ?"

"ማንኮራፋቱ እንኳ እዚህ ባይነሳ" አለ ሾፌሩ ጎሮሮውን ጠርጎ።

ከኋላቸው አግዳሚው ላይ አንዲት የዳቦ ቤት ሠራተኛ ታለቅሳለች። ሁለት ባል ቀብራ ሦስተኛውን ልታስመዘግብ መጥታ፣ አሁን ከእነሱ ፊት ተሰልፋ የተመለሰችው እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ ባየቻት ቁጥር ንዴቷ ይብስባታል።

መዝጋቢዋም ጨካኝ አልነበረችም። "እስቲ ለማንኛውም መዝገቡን ልየው። የሁለተኛው ፍቺ ውሳኔ የታለ?"

"እሱ ጋ ነው።"

"እሷ ጋ ነው" አለ ሾፌሩ እኩል።

ተያዩ።

"እጨርሰዋለሁ ያልከው አንተ አይደለህ?"

"እኔ? 'ፊትህን ማየት አልፈልግም፣ ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ' ብለሽ በር የዘጋሽብኝስ?"

መዝጋቢዋ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ስታነበው ሳቋ አመለጣት። "በቀጠሮው ቀን ሁለታችሁም ስላልቀረባችሁ መዝገቡ ተዘግቷል። አልተፋታችሁም! ይኸው እስከ ዛሬ ባልና ሚስት ናችሁ።"

ሾፌሩ ክፍሉን በሳቅ አናጋው። "ስድስት ዓመት ሙሉ ሸሚዜን ለብቻዬ ስተኩስ!"

ልብስ ሰፊዋ ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ስንት ጊዜ ያጣላቸው እልህ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቅሟቸዋል። መዝጋቢዋ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን ግልባጭ አትማ፣ ማኅተም መትታ፣ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

"በይ፣ ወደ ቤታችን" አለ ሾፌሩ።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ አግዳሚው አየች። "እኛን ያዳነን ዝርክርክነታችን ነው። እሷ ምን አጠፋች? ባሎቿ ሞቱባት እንጂ።"

"ጉዳያችን አልቋል እኮ!"

"የኛ አልቋል።"

ሄዳ የዳቦ ቤት ሠራተኛዋን እጇን ያዘቻት። "ተነሺ እህቴ። አለቃቸው ፎቅ ላይ ነው አሉ።"

"እምቢ ቢለንስ?"

"ነገም እንመጣለን። እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ሠላሳ ዓመት የተሟገትኩ ሰው ነኝ፤ አለቃ አይከብደኝም።"

ሁለቱ ሴቶች ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ፤ የከሰዓት ተረኛ ነው። ራሱን ነቀነቀና ለሥራ ባልደረባው ደወለ።

"የኔን ፈረቃ ያዝልኝ" አለው፣ እየተከተላቸው። "ሚስቴ ጉዳይ አለባት።"