ዊኒ የደበቀችው ጡጦ

ዊኒ ለአራተኛ ጊዜ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

“አንቺ ልጅ፣ አንድ ቦታ እረፊ እንጂ፤ እኛንም አዞርሽን” አለቻት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ክሮስሊ፣ ለለቀስተኛው ሻይ እየቀዳች።

ዊኒ ግን የስድስት ወር ልጇን ክላራን በሱፍ ሻርፗ ሸፍና ከምድጃው እስከ ደረጃው መመላለሷን ቀጠለች። እናቷ ሄስተር መጋረጃው በተዘጋው ሳሎን፣ ክዳኑ ባልተገጠመ ሣጥን ውስጥ ከተጋደመች ሁለተኛ ቀኗ ነው።

ሄስተር በእንግሊዝ የምትገኘውን የሃደርስፊልድ ከተማ ሠፈሮች አሥር ዓመት በእግሯ ያዳረሰች፣ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን የምታስተምር የጤና ጎብኚ ነበረች። አራስ ካለችበት ቤት ስትገባ ዓይኗ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው ጡጦ። ሕፃኑ ተኝቶ ብቻውን ስለሚጠባው ሥራ ለበዛባት እናት ግልግል ነው። ቱቦው ግን ቢያጥቡት አይጠራም፤ በሙቀት ወራት ወተቱ ውስጡ ይበላሽና ሕፃናቱ በተቅማጥ ያልቃሉ። ክላራ የተወለደች ዕለት ሄስተር ይህን ጡጦ ቤቷ እንዳታስገባ ልጇን አስማለቻት። ዊኒም ማለች። ወደ ጨርቅ ፋብሪካው ስትመለስ ግን ጡጦውን ገዛችው፤ እናቷ በመጣች ቁጥር ከከሰሉ ባልዲ ጀርባ ትሸጉጠው ነበር።

ክላራን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተቅማጥ ይዟታል። ጡጦው አሁንም ከሻርፑ ሥር ነው። የጤና ጎብኚ ልጅ ሆና ይህን ለማን ትናገር? አፈረች፤ ፈራችም።

ሴቶቹ ሟቿን እያነሡ መሳቅ ጀመሩ። አንዷ ሄስተር ስትመጣ የራሷን ባለቱቦ ጡጦ ምድጃ ውስጥ ትደብቀው እንደነበር ተናገረች።

“እኔማ ቁጭ አልኩበት” አለች ወይዘሮ ክሮስሊ። “እሷም ወንበር ስባ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። አውቃ ነው። ምነው ያኔ ተነሥቼ በነበር።”

ሳቁ ቆመ። የወይዘሮ ክሮስሊ ሕፃን ልጅ ሄንሪ በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ሙቀት፣ በተቅማጥ ሞቶ መቀበሩን ሁሉም ያውቃሉ።

ዊኒ ጡጦውን አውጥታ ከሻይ ስኒዎቹ መሐል አስቀመጠችው።

“ክላራ ታማለች” አለች። “በዚህ ነው የማጠባት።”

የተቆጣት የለም። አንዷ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች፤ ሌላዋ ውሃ ጣደች። ወይዘሮ ክሮስሊ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፈልቶ የበረደ ውሃ በማንኪያ ጠብ ታደርግላት ጀመር። ሄስተር ካስተማረቻቸው አንዲትም ነገር አልረሱም። ክላራ ዋጠች።

ያን ጊዜ ዊኒ ወደ ሳሎኑ ገብታ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመች።

“ግንባሯን ንኪ እንጂ” አለቻት ወይዘሮ ክሮስሊ ከበሩ። “ካልነካሻት በሕልምሽ ትመጣብሻለች።”

“ትምጣ” አለች ዊኒ፣ ሁለት እጆቿን ብብቷ ሥር ከታ።