አንቺ ርገጪ ብቻ

የሻረግ የራሷን መኪና የፍሬን መብራት በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሰው ይስቃል እንጂ እውነት ነው። ስንት ዘመን የነዳቻት አሮጌ ፒካፕ ኋላዋ ይብራ ይጨልም የምትሰማው ከሰው አፍ ነው። ዳንግላ ላይ ጋራዥ ያለው፣ እንግዳው የሚባል መካኒክ መብራቱን ሊሠራ ከኋላ በተንበረከከ ቁጥር እሷን መሪው ላይ ያስቀምጥና «ርገጪ» ይላል፤ ትረግጣለች። «ልቀቂ» ይላል፤ ትለቃለች። አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ምን ሆኖ ነው?» ስትለው መልሱ ያው ነው፤ «አንቺ ርገጪ ብቻ፣ እታለም።»

ይህቺ «ርገጪ ብቻ» ሆዷ ውስጥ ገብታ ከርማለች። ከእንጅባራ ቀርቀሃ ጭና ለዳንግላ አጥር አጣሪና አልጋ ሠሪ የምታደርስ፣ በጭቃ ላይ መኪና ከነጭነቱ የምታዞር ሴት፣ እንግዳው ዘንድ ስትደርስ አንድ እግር ብቻ ሆና ትቀራለች።

ሥራውም አይበረክትም። አምፖል ቀይሮ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ይሸኛታል፤ አዲስ ቅዳም ከተማ ሳትደርስ መንገዱ ነቅንቆ ያጠፋዋል። ፍሬን ስትይዝ ኋላዋ ይጨልምና ፊት ለፊት ያሉት ትንንሽ መብራቶች ጭል ጭል ይላሉ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር «እናቴ፣ መኪናሽ ወደየት ነው የምትሄደው?» ብሏት ያውቃል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። የኋላ መብራት ከሌላት አታልፍም፤ ካላለፈች መንገድ አትወጣም። ባሏ ፋንታሁን፣ መኪና ገና ከሩቅ ሲያይ አጥር የሚጠጋ ሰው፣ እራት ላይ ቁርጡን ነገራት።

«ዘንድሮ ካላለፈች ትሸጣለች። ገዥም አለ።»

«ማነው ገዥው?»

«እንግዳው። ለዶሮ ቤት ትሆነኛለች ብሏል።»

የሻረግ የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ለዶሮ?»

«ጣሪያዋ አያፈስም አለ።»

«እኔው እሠራታለሁ።»

«አንቺ? የቤቱን አምፖል እንኳ የምቀይረው እኔ አይደለሁ?»

«ቁመት ስላለህ ነው እንጂ አውቀህ ነው?»

በማግስቱ ስልኳ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ሰውዬ አገኘች። ሰውዬው ቴስተር የሚባለውን አሳየ፤ ጫፉ ሹል፣ እጀታው ውስጥ ትንሽ አምፖል ያለው፣ ከጭራው የወጣው ሽቦ በመቆንጠጫ የሚያልቅ ነው። «ሹሉን ሽቦው ላይ ታስነካላችሁ፤ ኃይል ካለ አምፖሉ ይበራል። መቆንጠጫውን ግን፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ መቆንጠጫውን የግድ…» እንዳለ ኔትወርክ ጠፋ። የሻረግ ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም። መቆንጠጥ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል ብላ ቴስተሩን ገዝታ ሥራ ጀመረች።

የመኪናዋ የጭነት ቦታ እንደሌላው መኪና አልነበረም። የቀድሞው ቆርቆሮ በእንጅባራ ዝናብ ሲበሰብስ፣ የሻረግ በራሷ ሐሳብ አስነቅላ ወለሉንም ግድግዳውንም በቀርቀሃ አሠርታዋለች። ማለፊያ ሥራ ነው፤ ላገኘችው ሁሉ ስታሳይ ኖራለች። የኋላ መብራቶቹም እዚያው ቀርቀሃው ላይ ታስረዋል።

የመኪናዋን መብራት አብርታ ወደ ኋላ ሄደች። መቆንጠጫውን ቅርቧ ያለ ቀርቀሃ ላይ ቆነጠጠች፤ ሹሉን አንዱ ሽቦ ላይ ወጋች። ጨለማ። ሌላው ላይ ወጋች። ጨለማ። «ሁሉም ሞተዋል» ብላ ፈረደችና በቢላ ቆርጣ ጣለቻቸው። አዲስ ሽቦ ገዛች፤ ሱቁ ያለው ቢጫ ብቻ ስለነበረ ሁሉም ቢጫ ሆነ። የቱ የየት እንደሆነ በቃሏ ይዛ ነበር፤ ምሳ በልታ ስትመለስ ጠፋባት። እንደምንም ለይታ ቀጣጥላ እንደገና ወጋች። ጨለማ።

ፋንታሁን ከአጥሩ ጥግ «ዶሮዎቹ ይምጡ ልበለው?» አለ።

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።»

እያሰበች አልነበረም፤ በሆዷ እየተሳደበች ነበር። በንዴት መቆንጠጫውን ከቀርቀሃው መንጭቃ ወረወረችው። ሹሉ ግን እንደተወጋ ነው። መቆንጠጫው ከታች ያለውን የሻንሲ ብረት ሲነካ እጇ ውስጥ ያለችው አምፖል ቦግ ብላ ጠፋች።

የሻረግ ተንበረከከች። ብረቱ ላይ ቆነጠጠች፤ በራ። ቀርቀሃው ላይ፤ ጠፋ። ብረቱ ላይ፤ በራ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ ጭንቅላት ቢሆንም ይህ አላመለጠውም። ኃይሉ በሽቦ ሄዶ በብረት ነው ወደ ባትሪው የሚመለሰው፤ ቀርቀሃው መመለሻውን ዘግቶበታል። እንግዳው በቀጭን ሽቦ ዝገት ላይ ጠምዝዞ ያገናኘዋል፤ መንገዱ ሲነቀንቀው ይላቀቃል። ኃይሉም መንገድ ሲያጣ በፊተኞቹ አምፖሎች ዞሮ ቤቱ ሲገባ ኖሯል። ቀርቀሃውን ያሠራው ደግሞ ማነው? የሻረግ ቀና ብላ ማንም እንዳላያት አረጋገጠች። ቆርጣ የጣለቻቸው ሽቦዎች ጤነኞች ነበሩ።

ብረቱን እስኪያብረቀርቅ ፋቀችው። ከየመብራቱ ወፍራም ሽቦ አውርዳ በቡሎን አጠበቀችው። ትንንሾቹ የኋላ መብራቶች በሩ። የቀረው የፍሬኑ ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ሌላ ሰው ሊረግጥላት ይገባል።

«እኔ ልርገጥልሽ?» አለ ፋንታሁን፣ ከአጥሩ ትንሽ ራቅ ብሎ። ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር።

«ተወው። ለመርገጥ የሚሆን ሰው አውቃለሁ።»

ጠዋት ለምርመራ ወደ እንጅባራ ስትወጣ ጋራዡ በር ላይ አቆመች። እንግዳው እጁን እየጠረገ ወጣና ቆጥ የት እንደሚተክል እንደሚያስብ ሰው መኪናዋን በዓይኑ ለካት።

«አመጣሽልኝ፣ እታለም?»

«ግባና መሪው ላይ ተቀመጥ።»

ግራ እየገባው ገባ። የሻረግ ከኋላ ቆመች። እሱ ፊት ባይበራ መኪናዋ የዶሮ፣ እሷ የዳንግላ መሳቂያ ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ርገጥ።»

ሁለቱም በሩ። ቀይ መሆናቸውን ድሮም ታውቃለች፤ ይህን ያህል ቀይ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገራትም።

«ልቀቅ።» ጠፉ። «ርገጥ።» በሩ።

እንግዳው አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ምን ሆኖ ነው የኖረው?»

ዓይኗ ቀርቀሃው ላይ አረፈ። ይሄንንስ አትነግረውም።

«አንተ ርገጥ ብቻ» አለችው።

አንዴ ማየት ይበቃት ነበር። ወደ እንጅባራ የሄደችው ግን እግሩ ከዛለ በኋላ ነው።