ሳልጨምር ሳልቀንስ

ሥራ ቤት ያወጡላት ስም «ማሽኗ» ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች አንድ ገጽ ጽፈው አንገታቸውን ሲያሹ እሷ ሦስተኛውን ትጨርሳለች፤ ፊቷ ላይ ደስታም ሆነ ድካም አይነበብም። ስሙ የወጣላት ለሽሙጥ ነበር። እሷ ግን ወደደችው። ማሽን ምን አየሽ፣ ምን ተሰማሽ ተብሎ አይጠየቅም።

ሥራዋ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ የመጣ ድምፅና ምስል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ እግሯ ሥር ፔዳል አለ፤ ሲረግጡት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል፣ በተረከዝ ጫን ሲሉት ወደ ኋላ ይመለሳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትረግጠው ኖራለች። የሙያው ሕግ አጭር ነው፦ ያየሽውን ጻፊ፣ የሰማሽውን ጻፊ፣ ያሰብሽውን ለራስሽ ያዢው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በገባበት ተራ «ወንድ አንድ»፣ «ሴት ሁለት» እየተባለ ይጠራል፤ ማንነቱ ከታወቀ ማንነቱ ይጻፋል። ሰው ሲያለቅስ «ያለቅሳል» ነው፤ «አንጀት በሚበላ ሁኔታ» ብሎ ነገር የለም። መጨረሻው ገጽ ላይ ጸሐፊዋ እንዲህ ከሚለው ሥር ትፈርማለች፦ «በዲስኩ ላይ ያለውን በሙሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ገልብጫለሁ።»

ዘንድሮ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቷ። ሐኪሙ ከአንገትሽ የሚመጣ ነው፣ አሳርፊው አላት። አሳርፊው ማለት ቀላል ነው፤ ሐኪም ይናገራል እንጂ አይጽፍላትም። አንዲት ጓደኛዋ ከገበያው ጀርባ ፎቅ ላይ ያለች ማሳጅ ቤት ጠቆመቻት። ለባሏ ታላቅ እህቴ ጋ ነኝ ብላ ሄደች። ባሏ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለማሳጅ ቤት ያለው አስተያየት ግን አንድ ብቻ ነው፦ «ጤነኛ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?» ከእሱ ጋር ከመከራከር መዋሸት የሚያሳጥርላት መስሏት ነበር።

ማሳጅ ሠሪዋ ትከሻ ሰፊ፣ ንግግር ቁጥብ የሆነች ሴት ናት። አንገቷን በአውራ ጣቷ ጫን እያለች፣ «አይ እህቴ፣ አንቺ እኮ ሁሉንም ትከሻሽ ላይ ነው የምታስቀምጪው» አለቻት። ማሽኗ ከዚያ ክፍል ስትወጣ ትንሿ ጣቷ ሞቃ ነበር። ለሁለት ቀንም ሞቃ ሰነበተች።

በዚያው ዕለት በባሏ መኪና ወደ ቤቷ ስትመለስ ገና ከገበያው ሳትወጣ ፖሊስ አስቆማት። «የኋላ ፍሬን መብራትሽ አይሠራም» አላት። መንጃ ፈቃዷን ተቀብሎ፣ ስሟን፣ አድራሻዋንና የሥራ ቦታዋን ደብተሩ ላይ ጻፈና ሳይቀጣት «ሂጂ» አላት። ባሏ ይህን ሲሰማ እናቱ የተሰደበች ያህል ተቆጣ። የእሱ መኪና! በነጋታው ጋራዥ ወሰዳት፤ መካኒኩ ፍሬኑን አስረግጦ አየና «ይሄ መብራት ከኔ ዓይን ይሻላል» አለ። ባሏ ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይህችን ያወራል። «ፖሊሱን ነበር ሐኪም ቤት መውሰድ» ይልና ቀድሞ ራሱ ይስቃል።

ከሦስት ወር በኋላ ማሳጅ ሠሪዋ በማሳጅ ስም ወሲብ በመሸጥና በመደራደር ተከሰሰች። ፖሊሶች የዳኛ ማዘዣ ይዘው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስለው ገብተው፣ ጣሪያው ላይ ባለው የጭስ መጠቆሚያ ውስጥ ካሜራ ደብቀው አምስት ቀን ቀርጸዋል። ከዚያ የሚወጣውንም ሰው መንገድ ላይ እያስቆሙ ማንነቱን መዝግበዋል። መንግሥት የመደበላት ተከላካይ ጠበቃ፣ ጥፋት ያልታየበትን ሰው ማስቆም ሕገ ወጥ ነው፣ ማዘዣውም ንጹሕ ሰው ልብሱን አውልቆ እንዲቀረጽ አይፈቅድም፣ ስለዚህ ማስረጃው በሙሉ ውድቅ ይሁንልኝ ብላ ተከራከረች። መርማሪው ደግሞ ምሎ መሰከረ፦ «መኪና ያስቆምነው የትራፊክ ጥፋት በዓይናችን ስላየን ብቻ ነው። ለሕክምና የሚመጣ ሰው ሲገባ ካሜራውን እንዘጋለን። የተቀረጸ ንጹሕ ሰው የለም።»

ይህን ቃል የጻፈችው ማሽኗ ናት። «እንዘጋለን» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀለል አላት። የትራፊኩን ነገር ጣቶቿ ዝም ብለው አልፈውት ሄዱ።

ዲስኩ የመጣው በሳምንቱ ነው፤ ዳኛው ብይን ሊሰጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው። አብሮት የአሥራ አንድ ቅጂዎች ዝርዝር ነበረ፤ ሁሉም ደንበኞች ወንዶች ናቸው። ችግሩ የፖሊስ ማስረጃ ክፍል መላክ የነበረበት ተቆርጦ የተዘጋጀውን ነው፤ የላከው ግን ያልተቆረጠውን ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ ፖስታ ውስጥ ነበሩ፤ ፖስታ ያቀበለው ሰው ደግሞ ለምሳ ይቸኩል ነበር ይባላል። ዲስኩን ስትከፍተው አርባ ሦስት ቅጂ ተደረደረ።

እሷ ዝርዝሩን ተከትላ ጻፈች። በሁለቱ ላይ የተባለው ነገር አለ፤ ተደራድረዋል፣ ሆኗልም። እንዳየችው ጻፈችው። በዘጠኙ ላይ ያለው ወገብና ትከሻ ብቻ ነው። ያንንም ጻፈችው። ማሳጅ ሠሪዋ «ሴት አንድ» ሆነች።

ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ሲያልቅ ሃያኛው በራሱ ጀመረ። ዝርዝሩ ላይ የለም። እግሯ ግን ከፔዳሉ አልተነሣም፤ ጣቶቿም ልማዳቸውን ቀጠሉ። «ሴት ሁለት ትገባለች። ቦርሳዋን በሩ ላይ ትሰቅላለች። መነጽሯን አውልቃ ጫማዋ ውስጥ ታስቀምጣለች። ልብሷን ታወልቃለች። በሆዷ ትተኛለች።» ሰባት መስመር ጻፈች። የሰው ልጅ የገዛ ጀርባውን አያውቀውም፤ ከጣሪያ ሆኖ ሲያየው ደግሞ ጭራሽ የባዕድ ነው። ያቺ ሴት ጀርባዋ የገረጣ፣ የውስጥ ልብሷ ማሰሪያ ሥጋዋ ላይ መስመር የጣለባት፣ ያረጀች መስላ ታየቻት። ከዚያ ሴትዮዋ ተናገረች። «ጣቶቼ ይደነዝዛሉ» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የራሷ ድምፅ መሆኑን ያወቀችው ወደ ኋላ መልሳ ሦስተኛ ጊዜ ስትሰማው ነው። ጫማ ውስጥ መነጽር የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው እንደሌለም ያኔ ትዝ አላት።

እጇን ከቁልፎቹ አነሣች። እደነግጣለሁ ብላ ጠበቀች። ድንጋጤው አልመጣም። መብራቱ ትዝ አላት፤ ደብተሩም፤ ባሏ ሲስቅም። ሁሉም በየቦታው ገባ። እሷ ግን የሌላ ሰው መዝገብ የምታነብ ያህል ነበር የተሰማት፤ በእውነቱ ምንም አልተሰማትም።

ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ከአንድ እስክሪብቶ በቀር ምንም አያስቀምጡም።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ላይ ያለው አርባ ሦስት ነው። ዝርዝሩ አሥራ አንድ ይላል።»

«አሥራ አንዱን ጻፊያ!»

«ማብቂያው ላይ ‹በሙሉ› ነው የሚለው። የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ልጄ፣ ያ ፎርም እኔ ሳልቀጠር የነበረ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሌሎቹን ቢገለብጧቸው መርማሪው ሐሰተኛ ሊሆን ነው፣ መዝገቡ ሊፈርስ ነው። ደግሞ ለነዚያ ለንጹሖቹ ሰዎች አስቢላቸው እንጂ። ራቁታቸውን እኮ ናቸው። ማን አባቱ ነው ችሎት ፊት ቆሞ ያ እኔ ነኝ የሚል?»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች።

«አየሽ! አንቺ እኮ ነገር ይገባሻል።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ነገሩ ግልጽ ነው። አሥራ አንዱን ጽፋ ከፈረመች የመርማሪው መሐላ ይጸናል፣ ማሳጅ ሠሪዋ እስር ቤት ትወርዳለች፣ የእሷም ጀርባ ፖስታው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። አርባ ሦስቱን ከጻፈች ደግሞ ሴትዮዋ ትድን ይሆናል፤ ማሽኗ ግን በመዝገብ ቁጥር ተራቁታ ትወጣለች፤ ለዳኛ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለሥራ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ለባሏ። የቱ ይሻላል ብላ ራሷን ጠየቀች።

ማታ ራት ላይ ባሏ ስልኩን እያገላበጠ፣ «ያቺ የማሳጅ ቤት ሴትዮ ከነገ ወዲያ ብይኗ ነው አሉ። ያንቺ ፍርድ ቤት አይደል?» አላት።

«እኔ እንጃ፣ መዝገቡ ብዙ ነው።»

«የሚሄዱትንም ማሰር ነበር። ለወገቤ ነው፣ ለአንገቴ ነው ይላሉ ደግሞ! አንገቱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት አጣ?» ሣቀ። ቀና ብሎ አያት። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ጣቴን ነው።»

እጇን ሳብ አድርጎ ያዘና ትንሿን ጣት በመዳፉ ውስጥ ጨበጣት። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ይህም ነው ነገሩን ያከበደው። መጨበጡን አየች። አልተሰማትም። ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ፈራች፤ መዋሸቷን ሳይሆን እጇ አለመሰማቱን። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ሳህኖቹን አነሣች።

በማግስቱ ማልዳ ገብታ ከዝርዝሩ ውጭ ያሉትን ሠላሳ ሁለቱን መጻፍ ጀመረች። ወስና አልነበረም። ፔዳሉን ረገጠችው፣ ሄደ። ክንዱን ማንሣት የማይችል ሽማግሌ አለ። ገና ሳትነካ እንቅልፍ የወሰዳት ነፍሰ ጡር አለች። ፊቱን ፎጣ ውስጥ ቀብሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተነፋረቀ ሰውዬ አለ፤ «ያለቅሳል፣ ሠላሳ አንድ ደቂቃ» ብላ ጻፈችው። ካሜራው በአንዳቸውም ላይ አልተዘጋም።

የራሷን ለመጨረሻ አቆየችው። ሃያኛው ቅጂ ላይ ሴት ሁለት ትለብሳለች፣ መነጽሯን ከጫማዋ ታወጣለች፣ አመስግና ትወጣለች። በሩ ይዘጋል። እዚህ ጋ የሚያልቅ መስሏት ነበር። ቅጂው ግን ገና አላለቀም።

ማሳጅ ሠሪዋ ብቻዋን ናት። አንሶላውን ትቀይራለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ቀኝ እጇን ታወናጭፋለች፣ ጣቶቿን ትዘረጋለች፣ ትጨብጣለች። ትንሿን ጣት በሌላው እጇ ይዛ ማሸት ትጀምራለች፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣቷን። ማንም አይገባም። ማሽኗ ሰዓቱን እያየች ጻፈች፦ «ሴት አንድ አልጋው ላይ ትቀመጣለች። የገዛ ጣቶቿን ታሻለች። ለአራት ደቂቃ ንግግር የለም።»

ነጥቡን አደረገችና ቁልፎቹ ላይ እንደ ተደፋች ቆየች። አሁን ተሰማት። ብዙ አልነበረም፤ ዓይኗ ውስጥ ትንሽ ሞቀ፣ አለፈ። እነዚያን ጣቶች ለራሷ ጣቶች ስትል ከፍላ ያደከመቻቸው እሷ ናት፤ ይደንዝዙ አይደንዝዙ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ «ሴት ሁለት» የሚለውን ከየመስመሩ አጠፋች። ማንነቱ ከታወቀ ማንነቱ ይጻፋል። በቦታው «የዚህ ግልባጭ ጸሐፊ» ብላ ጻፈች። «የዚህ ግልባጭ ጸሐፊ ልብሷን ታወልቃለች። የዚህ ግልባጭ ጸሐፊ፦ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።» ፈረመች። ከመዝገብ ቤት ማኅተም አስደርጋ አንዱን ቅጂ ለዳኛው፣ አንዱን ለዐቃቤ ሕግ፣ አንዱን ለተከላካይ ጠበቃዋ አስላከች። የቀረውን ለኃላፊው ወሰደችላቸው።

ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አድርገው ሃያኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። መስመሩን በእስክሪብቷቸው ጫፍ እየተከተሉ እንደገና አነበቡት።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄ ተልኳል?»

«ተልኳል ጋሼ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ ለራሳቸው። ወረቀቱን ገልብጠው በነጩ በኩል አስቀመጡት፤ እንዳያዩዋት ብለው መሆኑ ገባት። «ባለቤትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሏ እንደ ወትሮው ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ ጠበቃት። የመጨረሻው ተማሪው እግረኛ ሊገጭበት ለጥቂት ነበር የተረፈው፤ እሱን እያወራ ነበር። ገብታ በሩን ዘጋች። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ያ የፍሬን መብራት አልተበላሸም ነበር» አለች።

«አላልኩሽም? መካኒኩ እኮ ምን አለ መሰለሽ…» ሣቁን ጀመረ።

«አውቃለሁ ምን እንዳለ። ፖሊሱም ያውቅ ነበር። መብራቱን አልነበረም የፈለገው፤ ከየት እንደወጣሁ ነው። እህቴ ጋ አልነበርኩም።»

ባሏ ወደ እሷ ዞረ። ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር፤ መሄጃ አጥቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋው።