የጋሼ ምላጭ

ጋሼ የታናሽ ወንድሙን ግራ ጉንጭ ላጭቶ ሲያበቃ አረፋውን በፎጣ አበሰና፣ እዚያው ጉንጭ ላይ እንደገና ሳሙና ይቀባ ጀመር። ታናሽየው በመስታወቱ ውስጥ አየው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጺሙ አድጎ አልነበረም። ጠዋት ከሐኪም ቤት ሲወጡ የጋሼ ፀጉር ቤት ዛሬ ተዘግቶ ይዋል ብሎ ቢለምን ጋሼ እምቢ አለው። ስለዚህ ሌላ ሰው አንገቱን ከመስጠቱ በፊት የጋሼን እጅ በራሱ ላይ ሊፈትን፣ ካላማረው ምላጩን ሊቀማው ቆርጦ ነው የመጣው። አባት ሆኖ ያሳደገውን ወንድም መሣሪያውን መቀማት ግን ሲያወሩት እንጂ ሲያደርጉት አይቀልም።

ሐኪሟ የጋሼን የጭንቅላት ምስል እያሳየች በቀስታ አስረድታቸው ነበር። ሰው ሲተኛ አንጎሉ ቆሻሻውን በፈሳሽ አጥቦ ያስወጣል አለች። ብዙ ዓመት ከልክ በላይ ወፍሮ የኖረ ሰው ላይ፣ ያውም ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አጠባው ሊዳከም ይችላል፤ ያልወጣውም እዚያው ይጠራቀማል። የመርሳቱ ምክንያት ይኸው ብቻ ነው ብላ ግን አልማለችም። ጋሼ ሰፈሩ ሁሉ «ተመችቶታል» እያለ ያሞገሰውን ሆዱን እያሻሸ፣ «ታዲያ ሻምፖ ይዘዙልኛ» አላት። ሐኪሟ ፈገግ ስትል ታናሽየው መሬት መሬቱን አየ።

«ጋሼ፣ ይኼን ጎን ጨርሰነዋል» አለው አሁን።

እጁ ቆመ። ከዚያ ጋሼ የወንድሙን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ ምላጩን ከመንጋጋው ሥር አሳረፈ። እጁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ታናሽየው፣ በከንቱ ነው የፈራሁት ብሎ አሰበ፤ ደስም አለው።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ፊቱን በትሕትና ተመለከተው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ከዚህ በፊት እኔ ጋ መጥተው ያውቃሉ?»

ጋሼ እርስዎ ብሎት አያውቅም፤ ተቆጥቶም ቢሆን። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበርና ምራቁን መዋጥ እንኳ ፈራ።

«አዎ» አለ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ፤ «ሁልጊዜም እርስዎ ጋ ነው የምላጨው።»

ጋሼ ደስ አለው። ምላጩንም በዝግታ ወደ ታች ሳበው።