የጨረቃዋ የታችኛው ጎን

ሥራዬ ሰማይ መጠበቅ ነው። ከአርቤላ ከተማ ቅጥር ላይ ቆሜ ያየሁትን በሸክላ ጽፌ ነነዌ ላለው ንጉሥ እልካለሁ። የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ ጨረቃ ልትጠልቅ ስትል፣ ጥላ ግራ ጎኗን ገመጠው። የጨረቃ ጎኖች ለየአገሩ ተከፍለዋል፤ ግራው የኤላም ነው፤ የሚሞተው የጠላት ንጉሥ ነው ማለት ነው። ግን የታችኛውም ጎን የደበዘዘ መሰለኝ። የታችኛው የእኛ ነው። አይቶ ደበቀ ከምባል ብዬ ሁለቱንም ጻፍኩ።

ሸክላውን ነነዌ እንዲያደርስ ለታናሽ ወንድሜ ለማኑኪ ሰጠሁት። ነነዌን ላሳይህ ብዬው ስንት ዓመት አታልዬዋለሁ።

«ጋሼ፣ መልእክተኛ ያበላሉ አይደል?»

«ለአንተ ሆድማ የንጉሡ ጎተራም አይበቃ!»

እየሳቀ በቅሎው ላይ ወጣ።

ፀሐይ ከፍ ስትል በምዕራብ በኩል ለቤተ መቅደስ የሚነዱ በጎች ያስነሱት አቧራ እንደተንጠለጠለ አየሁ። የታችኛውን ጎን ያደበዘዘው እሱ ነበር። ያኔውኑ ሌላ መልእክተኛ መላክ ነበረብኝ። አፈርኩ። ሦስት ቀን አፍሬ ተቀመጥኩ፤ አማልክት አይማሩኝ።

በአራተኛው ቀን ወሬው መጣ። የእኛ ጎን ሲጨልም ንጉሡ ዙፋኑን ይለቃል፤ አንድ ተራ ሰው ካባውን ለብሶ ይቀመጥና ሞቱን ይወስድለታል። እውነተኛው ንጉሥ እስከዚያ ጎጆ ገብቶ «ገበሬው» ይባላል። አሁን ያስቀመጡት ሸክላውን ያመጣውን ሰው ነው፤ ነነዌ ውስጥ የሚያለቅስለት የለም ብለው።

ነነዌ ወዳለው የሊቃውንቱ አለቃ ወደ ኡባር በረርኩ።

«ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ። አቧራ ነው!»

«ሌላ ያየ አለ?»

«እዚህ ደመና ነበር አሉኝ።»

«ታዲያ ገበሬውን ምን ልበለው? መጀመሪያ ጥላ ነው አልክ፤ አሁን አቧራ ነው ትላለህ። የአሁኑን አምኜህ ብትሳሳትስ? የሚሞተው ንጉሡ ነው።»

«ያስቀመጣችሁት ወንድሜ ነው!»

«አውቃለሁ» አለና ፊቱን አዞረ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እንዳየው ፈቀዱልኝ። ማኑኪ ዙፋኑ ላይ ፊቱ ሞልቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ! አትሰግድም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ከአደጋው ቀን በኋላ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ ብለውኛል። በግ በየቀኑ ነው። ሚስትም ሰጥተውኛል።» ከዚያ ጎንበስ አለ። «ግን ልጅቷ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። ምን ሆና ነው?»

ጠባቂዎቹ ያዩኛል።

«አገሯ ናፍቋት ይሆናል» አልኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ማኑኪና ልጅቷ ወደ ዕጣቸው ሄዱ፤ የሚባለው እንዲህ ነው። በንጉሥ ወግ ቀበሯቸው። ገበሬው ታጥቦ ዙፋኑ ላይ ተመለሰ።

ለእኔ ከቤተ መንግሥት ከአዲስ ልብስ ጋር ደብዳቤ መጣልኝ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ «ስለ ልጄ ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት፦ «ያየኸው እውነት ሆነ። ጨረቃዋ ንጉሥ ይሞታል አለች፤ ንጉሥ ሞተ። አማልክት ዓይንህን ይጠብቁልህ።»

ሸክላውን ከእጄ ወስዳ በጣቷ ዳሰሰችው።

«እንግዲህ የማይቀር ነበር» አለች። «አንተ ያየኸውን ነው የጻፍከው፤ አይደል ልጄ?»

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት።