ቀምሶ መትፋት

ሳልጠጣ ሰካራም ያሉኝን ሰዎች እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል እቆጥራቸዋለሁ። አንደኛ ደጀን፣ ሁለተኛ እትዬ አልጋነሽ፣ ሦስተኛ ወንድም ኢሳያስ። እናቴን አልቆጥራትም። እሷም ብትሆን ግን ስልክ ደውላ "አሰለፈች፣ እውነት ነው እንዴ?" ብላኛለች። ቆሽቴ ያረረው ያኔ ነው።

የዋጫ ልጅ ነኝ። ቦንጋ ውስጥ በእትዬ አልጋነሽ ሆቴል አራት ዓመት አስተናግጃለሁ። ጴንጤ ነኝ፤ ቢራ እንኳ ጠርሙሱን ከፍቼ ለሰው አቀረብኩ እንጂ አፌ አልደረሰም። እሁድ እሁድ መዘምራኑ ሲነሱ ሶሎውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሰው "ዛሬ አሰለፈች አለች?" ብሎ ጠይቆ ነበር የሚገባው።

የሆቴሉ የባር ኃላፊ ደጀን ይባላል። ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ እትዬ አልጋነሽ ፊት ሲቆም ወገቡ የሚታጠፍ፣ እኛ ፊት ሲሆን ደግሞ የሚቃና ሰው ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ለወርክሾፕ የመጣ እንግዳ ምሳው ላይ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን አዘዘ። ቀመሰና "ይሄ ወይን ተነካክቷል! ሌላ ነገር ገብቶበታል!" ብሎ ጮኸ። ደጀን ዓይኑን በጨው አጥቦ "አሰለፈች ናት። እየጠጣች ትሞላዋለች" አለ። ሳጥኔ ሲከፈት ከሽርጤ ሥር ግማሹ የተጠጣ የወይን ጠርሙስ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ግን ማን ይስማኝ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

እትዬ አልጋነሽ በዚያው ቀን አሰናበቱኝ። እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም ኢሳያስ ማይክ ይዘው "እህታችን አሰለፈች በመጠጥ ምክንያት ከአገልግሎት ታግዳለች" አሉ። ቀድመው አልጠየቁኝም። የመዘምራን ልብሴን አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩ። ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ዋጫ፣ እናቴ ዘንድ ገባ።

ሁለት ቀን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ደጀንን በካፊኖኖ ስረግመው ዋልኩ፤ ለእርግማን የእናት ቋንቋ ይሻላል። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ከወጣሁ ወይኑ መነካካቱ ይቀራል? አይቀርም፤ ሌባው እዚያው ነው። እኔ በሌለሁበት እንደሚነካካ ካሳየሁ እኔ ነፃ፣ እሱ ጉድ! ችግሩ ግን የተነካውን ካልተነካው የሚለይ ምላስ ከየት ይምጣ? እንግዳው ሄዷል። እትዬ አልጋነሽን ሐኪም መጠጥ ከልክሏቸዋል። እኔማ የወይን ጣዕም በየት አውቄ!

ጋሽ ግዛቸው ዘንድ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ቡና ቀማሽ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ የሰፈራችን ሰው ናቸው።

"ወይን መቅመስ ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ የቡና ሰው ነኝ። ደግሞ አንቺ ጴንጤ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት።"

የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ጢማቸውን አሹና "መቅመስ መጠጣት አይደለም" አሉ። "ያን ሁሉ ዓመት የቀመስኩትን ቡና ብውጠው ኖሮ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ባልወሰደኝ። ቀማሽ ይተፋል። አንቺም ትተፊያለሽ።" ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ።

ወይኑን ከቦንጋ መግዛት አይታሰብም፤ ያየኝ ሁሉ ለደጀን ምስክር ይሆንለታል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሺሺንዳ እየሄድኩ ርካሽ ርካሹን ከግሮሰሪ ገዝቼ፣ ዘንቢሌ ውስጥ ከጎደሬ ሥር ቀብሬ አመጣ ነበር። ጎደሬውን ለጋሽ ግዛቸው እቀቅልላቸዋለሁ። በስተመጨረሻ "ኧረ ልጄ፣ በቲማቲም ብትቀይሪው ምናለ?" አሉኝ።

የመጀመሪያዋን ጉንጭ አልረሳትም። ደረቅ ቀይ ወይን ነበር፤ ድዴን እንደ ጥሬ ሙዝ ጨምድዶ ያዘው። "ውይ! ሰው ይሄን ከፍሎ ነው የሚጠጣው?" ብዬ ስተፋው ጣሳውን ስቼ የጋሽ ግዛቸውን ጫማ አገኘሁት።

"አትቸኩይ" አሉ ጫማቸውን እየጠረጉ። "መጀመሪያ አሽቺው። ከዚያ እንደ ትኩስ ሾርባ ድምፅ እያሰማሽ ሳቢው። አዙሪው። ምላስሽ ምን አለ? ድድሽ ምን አለ? ከተፋሽው በኋላስ ምን ቀረ? እሱን ንገሪኝ።"

ሁለት ወር ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ቀመስኩ፣ ተፋሁ። ጣፋጩ ቀይ መጀመሪያ ሸወደኝ፤ እንደ ልጅ መድኃኒት ስለሚጣፍጥ "ጥሩ ማለት ይሄ ነው" አልኩ። በሳምንቱ አፍ ላይ ሲንዛዛ ሰለቸኝ። ነጩ እንደ ትርንጎ ጫፍ ጫፉን ቆንጠጥ ያደርጋል። ያ የጠላሁት ደረቁ ቀይ ደግሞ፣ ጋሽ ግዛቸው ጮማ ያለው ጥብስ አጉርሰውኝ ስቀምሰው፣ ጭምደዳው ለቀቀና ከሥሩ እንጆሪ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። "ርካሽ ነው ብለሽ አትናቂው" ይሉኝ ነበር። "ብዙ አያወራም፤ የሚያወራው ግን በግልጽ ነው።" እየወደድኩት መጣሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን አንዱን ጠርሙስ ቀምሼ ዘለልኩ። "ይሄ ተነክቷል! አሲድ ነው የጨመሩበት! እነዚህ ሌቦች!"

ጋሽ ግዛቸው ቀመሱትና ሳቁብኝ። "ባለፈው ሳምንት ራስሽ ከፍተሽ የተውሽው ነው። አየር ገብቶት ኮምጥጧል፤ ማንም አልነካውም። አንቺ ልጅ፣ ቂምሽ ካንቺ ቀድሞ እየቀመሰ ነው። እንዲህ ከሆነማ አንቺም እንደ ደጀን ንጹሑን ሌባ ታደርጊያለሽ።" በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከተጠራጠርኩ ሦስቴ ሳልቀምስ አልፈርድም።

ምላሴ ሲስተካከል ጋሽ ግዛቸው ሆቴሉ ሄደው አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን አዘዙና፣ ሰው ሳያይ በትንሽ ፔርሙዝ ገልብጠው አመጡልኝ። አሸተትኩት። ቀመስኩት። ድዴን የሚይዘው ነገር ግማሹ ጠፍቷል፤ በቦታው ሌላ ኮምጣጣ ነገር አለ፣ ከላዩ ስኳር። ይህን ጣዕም አውቀዋለሁ! አራት ዓመት ጠዋት ጠዋት ለእትዬ አልጋነሽ ደም ግፊት እያፈላሁ ያቀረብኩት፣ የተረፈውን እኛ ሠራተኞቹ የምንካፈለው ቀዩ ከርከዴ ነው። ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ወደ እትዬ አልጋነሽ ሽማግሌ ላክሁ። ከእኔ ወገን ማን ይቀመጥ ሲባል ወንድም ኢሳያስን ራሳቸውን መረጥኩ፤ ዓይናቸው እያየ እንዲሆን ነው የፈለግሁት። ከእትዬ አልጋነሽ ወገን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ተቀመጡ። ጋሽ ግዛቸው ጣሳቸውን ይዘው በምስክርነት መጡ። ጊዜው ጠዋት ነው፤ የሆቴሉ ሳሎን ባዶ ነበር።

"እትዬ፣ በብርጭቆ ለእንግዳ የሚቀዳውን፣ የተከፈተውን ቀይ ወይን ሁሉ ያስመጡልኝ" አልኩ። "አንድ ያልተከፈተም ይጨመርበት።"

ደጀን ሳቀ። "ይቺ ናት ወይን የምትቀምሰው? ሚሪንዳ ከኮካ ለይታ አታውቅም!"

እትዬ አልጋነሽ ራሳቸው ከባሩ ሦስት የተከፈቱ ጠርሙሶች አመጡ፤ አራተኛውን እዚያው ፊታችን ከፈቱት። ፊቴን አዞርኩ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በአራት ብርጭቆ ቀድተው፣ ሥራቸው ላይ ምልክት አድርገው አቀያየሯቸው።

የመጀመሪያውን ቀምሼ ጣሳው ውስጥ ተፋሁ። "ይሄ አሁን የተከፈተው ነው።" ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ምልክቱን አይተው ቅንድባቸውን አነሱ። ሁለተኛው አፍንጫዬን ቆነጠጠው። ደጀን አንገቱን አሰገገ፤ ተነክቷል እንድል እየጠበቀ ነበር። ሦስቴ ቀመስኩት። "ይሄ ቆይቶ ኮምጥጧል እንጂ ማንም አልነካውም" አልኩ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ጊዜ አላጠፋሁም። "እነዚህ ሁለቱ ተነክተዋል።"

"በምን?" አሉ ወንድም ኢሳያስ።

"እኔ አልናገርም። እትዬ ይቅመሱትና ይንገሩን።"

"እኔን ሐኪም ከልክሎኛል እኮ!"

"ቀምሰው ይትፉት። ጣሳው ይኸው።"

እትዬ አልጋነሽ እያቅማሙ ፉት አሉ። አፋቸው ውስጥ እንደያዙት ቀሩ፤ ከዚያ ትፍ አድርገው "ከርከዴዬ!" ብለው ጮኹ። "ይሄ የኔ ከርከዴ ነው! ለካ ለዚህ ነው በየሳምንቱ አለቀ የምባለው!"

"ከተባረርኩ ሁለት ወር አለፈኝ" አልኩ። "የተከፈተ ወይን ይህን ያህል እንደማይቆይ አሁን አይታችኋል። ታዲያ እነዚህን ማን ነካቸው? የባሩ ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው?"

ደጀን ላቡ ከቅባቱ ጋር ወረደ። "እሷስ? ሳትጠጣ እንዴት አወቀች? ጠጪ መሆኗን ራሷ እኮ መሰከረች!"

ወንድም ኢሳያስ ወደ እኔ ዞሩ። "እህቴ፣ ጠጥተሻል?"

"ቀምሼ ተፍቻለሁ። አንዲት ጠብታ በጉሮሮዬ አልወረደችም።" ጋሽ ግዛቸው ጣሳቸውን አንስተው "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እውነቷን ነው" አሉ።

"ቁልፉን አምጣ" አሉት እትዬ አልጋነሽ ደጀንን። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ና፣ አንተም ቅመሰው እንጂ" አልኩት። አልቀመሰም፤ በወጥ ቤቱ በር ሹልክ ብሎ ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እትዬ አልጋነሽ "ይቅር በይኝ ልጄ፣ ነገ ሥራሽ ግቢ" ብለው አለቀሱ። እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ።

ወንድም ኢሳያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጌታ ይመስገን። እሁድ ልብስሽን ትለብሻለሽ፣ ሶሎውንም ትይዣለሽ። ለጉባኤው 'እህታችን በንስሐ ተመልሳለች፣ ምሕረት ተደርጎላታል' እንላለን።"

"ንስሐ? ከምኑ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አየሽ፣ ሽማግሌዎች ተሳሳቱ ከሚባል… ለጉባኤው ሰላም ሲባል እንዲህ ብንለው ይሻላል። አንቺ ከተመለስሽ ምን ቸገረሽ?"

ስምሽን ከነእድፉ ተቀበይ ነው የሚሉኝ። ያን ልብስ እወደው ነበር፤ አንገትጌው ላይ ያለውን ጥልፍ የጠለፍኩት በራሴ እጅ ነው። እናቴም የምትሰማው ያንኑ ነው፤ ልጅሽ ሰክራ ነበር፣ አሁን ተመለሰች።

የመጀመሪያውን፣ ንጹሑን ብርጭቆ አነሳሁ። አሸተትኩት፣ ሳብኩት፣ አዞርኩት። ጋሽ ግዛቸው ከልምድ ጣሳውን አቀረቡልኝ። ወንድም ኢሳያስን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ዋጥኩት። ከዚያ የቀረውንም ጨለጥኩት።

"አሁን ጠጥቻለሁ" አልኳቸው። "እሁድ ይህን ይንገሩልኝ። ቀኑን ግን እንዳይሳሳቱ፤ አሰለፈች የጠጣችው ዛሬ ነው።"

ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ጉሮሮዬ ይሞቃል፣ እንባዬም ይወርዳል። ጋሽ ግዛቸው ጣሳቸውን እንደያዙ በጭቃው ደረሱብኝ።

"ምነው ልጄ? ሁለት ወር ሙሉ ተፍተሽ ተፍተሽ፣ ስምሽ ሊመለስልሽ ሲል ለምን ዋጥሽው?"

"መትፋት ሰለቸኝ" አልኳቸው።