ስሙን ደብቁ፣ አነጋገሩን አትንኩ

እናት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንደገባች መጀመሪያ ያየችው መውጫውን በር ነው። ቀጥላ ያየችው ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው። በሁለት ብሎን ብቻ የተያዘ መሰላት።

«እዚህ አንቀመጥም፤ ቢወድቅ አናታችን ላይ ነው» አለች እህቷን በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

«አንቺ ደግሞ! ሰማዩ የሚጠቁረው ላንቺ ብቻ ነው የሚመስልሽ» ብላ ሳቀች ታናሽ እህቷ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ሜትሯ አንገቷ ላይ ቀርቷል። ቢሆንም ተነስታ በሩ አጠገብ ተቀመጠችላት። ድሮም እንዲህ ናቸው፤ አንዷ ትፈራለች፣ ሌላዋ ትስቅባታለች፣ በመጨረሻ የሚሆነው ግን ፈሪዋ ያለችው ነው።

የመጡት ለታላቅየዋ ልጅ ነው። አፏ አርፎ ስለማያውቅ አክስቷ «ሬዲዮ» የሚል ስም አውጥታላታለች። ዘንድሮ የቋንቋ መምህሯ ተማሪዎቹን ለጆሮ የሚሆን ታሪክ ማጻፍና በድምፅ ማስቀረጽ ጀምሯል። የራሱ አሠራር አለው። ብዕር ከመንካታቸው በፊት ታሪኩን ለግድግዳ ሦስት ጊዜ ያስነግራቸዋል፤ ከዚያ አፋቸው ያለውን ብቻ ይጽፋሉ። ከሰው የሰሙትን ለሚናገሩ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፦ «ስሙን ደብቁ፣ አነጋገሩን አትንኩ።»

ሬዲዮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባባት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በስልክ ስትቀርጽ ከርማለች። ብርድ ልብሱን የሰጠቻት እናቷ ናት። ልጄ ታፍና ትሞትብኛለች ብላ በየአምስት ደቂቃው ቁም ሳጥኑን እያንኳኳች «አለሽ?» ትላት ነበር። «አለሁ! ይኸው ቀረጻው ውስጥ ገባሽ፣ እማዬ!» ትላለች ልጅ። የምትቀርጸው ምን እንደሆነ ግን እናት አንድ ቀን አልጠየቀችም። ያን ሁሉ ስትፈራ ይህን አልፈራችም።

መምህሩ ሁሉም ዓይኑን እንዲጨፍን ጠየቀ። የሬዲዮ ድምፅ ከጣሪያው ወረደ።

«ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታናሽየዋ ሩቅ ከተማ ሥራ አመልክታ መልስ ትጠብቃለች። ደብዳቤው የገባው ግን ታላቅየዋ እጅ ነው። ታላቅየዋ ከፍታ አነበበችው። ተቀብለዋታል። "ልቤ ነገረኝ" አለች፣ "ልቤ ደግሞ ዋሽቶኝ አያውቅም። አውቶቡሱ ይገለበጣል። ባይገለበጥ ቤት ታጣለች። ቤት ብታገኝ ትታመማለች። ስትታመም ውሃ ማን ያቀብላታል?"»

አዳራሹ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። «ሴትዮዋ ቁርጥ አንቺን!» አለች ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ ብላ።

እናት ዓይኗን ገለጠች። ያን ቀን ትዝ አላት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ልጅቷ «ታሪክ የለኝም» ብላ አጠገቧ ስትነፋረቅባት፣ እሷም ዓይኗ አስቀድሞ እያነባ ስለነበር ይሁን አይታወቅም፣ ለማንም ያልተናገረችውን ነገረቻት። «ይህች ነገር ከዚህ ቤት እንዳትወጣ፤ ማይልኝ» አለቻት። ልጅቷ ማለች።

«ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ከተነጠፈው ወረቀት ሥር ከተተችው» አለ ድምፁ። «ታናሽየዋ ሰኞ ሰኞ ፖስታ ቤት እየሄደች ትጠይቃለች። አንድ ሰኞ ታላቅየዋ አብራት ሄዳ ጸሐፊውን "የሰው ደብዳቤ የት ትጥላላችሁ?" ብላ ሰደበችላት።»

የልብስ ሰፊዋ ሳቅ ከመሃል ተቆረጠ። ዓይኗን ገለጠች። ሰዉ ሁሉ ጨፍኖ ተቀምጧል፤ ያዩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፣ እነሱም የሚያዩት እርስ በርስ ነበር።

ጭብጨባው ገና ሳያበቃ ሬዲዮ ፊቷ እየበራ ሮጣ መጣች። «እማዬ! ሰማሽ? ስም እኮ አልጠራሁም!»

«ምለሽልኝ ነበር» አለች እናት።

«ስሙን ደብቄዋለሁ እኮ። የምን ሥራ እንደሆነም አልተናገርኩም። መምህሩ ስም ከሌለው የማንም አይደለም...» ልጅቷ የአክስቷን ፊት ስታይ ቀሪው ቃል ጠፋባት።

«ስንት ነገር ስጠብቅ» አለች እናት። «እሳት ስጠብቅ፣ ሌባ ስጠብቅ። አንቺን አልጠበቅኩሽም።»

«አንቺ ደግሞ አፍ አለሽ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ እህቷን። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። «እኔስ አንቺን ጠብቄሻለሁ? ጸሐፊውን ስትሰድቢልኝ እኮ በልቤ "እህት ማለት እንዲህ ነው" ብዬ መርቄሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምን አጉድዬ ነው ያልፈለጉኝ እያልኩ ራሴን ስመረምር ኖርኩ።»

ሰዉ እየተጋፋ ወጣ። ድምፅ ማጉያው አልወደቀም። ሬዲዮ የአክስቷን እጅ ልትይዝ ሞከረች፤ አክስቷ እጇን በቀስታ ሳበችው።

«ልቤ ነግሮኝ...» ብላ ጀመረች እናት።

«ልብሽን ተይው። እጅሽ ያደረገውን ንገሪኝ። ከልጅሽ ሳይሆን ካንቺ ልስማው።»

እናት አፏን ስትከፍት መጀመሪያ የመጣላት አውቶቡሱ ነበር። ዋጠችው። «ጠዋት ነው» አለች። «አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። በሩ ተንኳኳ። ደብዳቤውን ተቀበልኩ፤ ስምሽ አለበት። ከፈትኩት። መሳቢያውን ሳብኩ፣ ወረቀቱን አነሳሁ፣ ከሥሩ ከተትኩት። ማታ "ደብዳቤ መጣ?" አልሽኝ። አልመጣም አልኩሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሰማች። እናት ስትጨርስ አልዞረችም።

«ይህ አንደኛው ነው። ድገሚው» አለች።